ሰባተኛው ቀማሽ

ጥር 14 ቀን 2071 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሰባት ሰዎች ከመቂ ወረድ ብሎ በሚገኝ አንድ የወይን እርሻ በር ላይ ከመኪና ወረዱ። መኪናው ሾፌር ስለሌለው የሚያመሰግኑት ሰው አጥተው ጥቂት ቆሙ። ከሰባቱ ሁለቱ ባልና ሚስት ነበሩ። የቀማሽነት ዕጣው ለሁለቱም በአንድ ዓመት መውጣቱን መንገዱን ሙሉ እንደ ተአምር ሲያወሩ ነው የመጡት። ሌሎቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም።

ሰባተኛው መንበሩ ጥሩነህ ይባላል። ዕድሜው ሃምሳ አራት ነው። አዳማ ውስጥ ከሃያ ፎቅ በላይ ባሉ ሕንፃዎች ላይ ሊፍት ይጠግናል። የቀማሽነት ጥሪው የደረሰው ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ነበር። ጥሪው አጭር ነው፤ ቀኑን፣ የእርሻውን ስምና ቁርስ ሳይበሉ መምጣት ክልክል መሆኑን ብቻ ይናገራል። ከቀማሽነት የሚያስቀሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እርግዝና፣ አርባ ቀን ያልሞላው ሐዘን፣ በመዝገብ የሰፈረ ሕመም።

መንበሩ ሕመም ነበረው፤ መዝገቡ ግን ተሰርዟል። መጠጥ ከተወ አሥራ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። አሥር ዓመት ሲሞላው በሕጉ መሠረት የሱስ መዝገቡ ጠፋለትና ከፍታ ላይ የመሥራት ፈቃዱን መለሱለት። ያንን ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያጣጥፍ ነው የኖረው። በራሱ አንደበት "እጠጣ ነበር" ብሎ ለመንግሥት ሰው ከተናገረ መዝገቡ ይከፈታል፣ ፈቃዱም ይሄዳል።

ስለዚህ አልተናገረም። ከንፈሬን አርሼ እመለሳለሁ ብሎ አሰበ። ለልጁ ለቤዛዊት ደግሞ "መቂ የተበላሸ ሊፍት አለ" አላት። ቤዛዊት የማታ ሥራ ስትገባ የሁለት ዓመት ልጇን እሱ ጋ ትታ መሄድ ከጀመረች ገና አምስት ወሯ ነው። ከዚያ በፊት ለስድስት ዓመት ስልኩን እንኳ አታነሳም ነበር።

የእርሻው ባለቤት ወይዘሮ ኩለኒ ቱፋ ሰፊ የሰሌን ባርኔጣ አድርገው በሩ ላይ ተቀበሏቸው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ፀሐይ ያጠቆራቸው ሴት ናቸው። በኦሮምኛም በአማርኛም እንኳን ደህና መጣችሁ ካሉ በኋላ በጥላ መረብ ሥር ወደ ተዘረጋው የወይን ሐረግ ወሰዷቸው። እንግዶቹ አፈር መንካት የሚፈቀድላቸው ለሦስት ደቂቃ ነው። ከባልና ሚስቱ ሚስትየዋ ሁለት እጇን አፈሩ ውስጥ ቀብራ ሦስቱን ደቂቃ ሙሉ ቆየች፤ ባሏ ፎቶ አነሳት። ቀንድ አውጣ እንዲለቅሙ በሐረጉ መካከል የተለቀቁ ዳክዬዎች በሰልፍ አለፉ። እያንዳንዱ እንግዳ በሰንሰለት በታሰረ መቀስ አንዳንድ ዘለላ ወይን ቆረጠ፣ ፍሬው ተመዘነ፣ ተመለሰ።

"እያንዳንዱ ግንድ በቀን ስንት ጠብታ እንደሚጠጣ እናውቃለን" አሉ ወይዘሮ ኩለኒ። "ሰው ልጁን እንደዚህ አይቆጥርም።"

ሸለቆው ውስጥ ዘጠኝ የወይን እርሻዎች አሉ፤ ውሃው ግን አንድ ነው። ድሮ ውሃው በስብሰባ ይከፋፈል ነበር፤ ስብሰባው ጠብ አመጣ። ከዚያ በባለሙያ ሆነ፤ ባለሙያው ጉቦ አመጣ። አሁን የሚወሰነው በዕጣ በወጡ ሰባት ሰዎች ጉሮሮ ነው። ይህ ሥርዓት ከተጀመረ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ እስከ ዛሬ አቤቱታ ያቀረበ የለም፤ አቤት የሚባልበት ቦታም የለም።

አራት ሰዓት ላይ ወደ መቅመሻው ክፍል ገቡ። ክፍሉ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሰባት ወንበርና አንድ ትልቅ መስኮት አለው። በመስኮቱ በኩል ሐይቁ የነበረበት ሜዳ ነጭ ሆኖ ይታያል። ጠረጴዛው ላይ ዳቦ፣ አይብና የተቆላ ሽምብራ ተቀምጧል። የውሃ ድልድል ታዛቢዋ ማራናታ የምትባል የሰላሳ ዓመት ገደማ ሴት ነች። በየተራ እየዞረች የጥፍር ስፋት ያላት ልጥፍ በእያንዳንዱ ሰው ጉሮሮ ላይ ለጠፈች። ጣቷ ቀዝቃዛ ነበር።

"አራት ብርጭቆ ነው" አለች ወደ ወንበሯ ተመልሳ። "ነጭ፣ ሮዝ፣ ቀይ፣ ጣፋጭ። ለእያንዳንዱ ስድስት ደቂቃ አላችሁ። አስተያየት መስጠት አያስፈልግም። ከእያንዳንዱ አንድ ጊዜ መዋጥ ይበቃል፤ የቀረውን መሐል ላይ ያለው ማድጋ ውስጥ ድፉት። የተዋጠው ነገር ምን ያህል ደስ እንዳሰኛችሁ ልጥፉ ይነግረናል።"

መንበሩ "መዋጥ" የሚለውን ቃል ሲሰማ ማድጋውን አየ። ጥሪው ላይ ይህ አልተጻፈም ነበር።

ነጩ ወይን ጠጅ ተቀዳ። ግድግዳው ላይ ሰባት ግራጫ ነጥቦች አሉ፤ ሰው ሲውጥ ነጥቡ አረንጓዴ ይሆናል። አንደኛው በራ፣ ሁለተኛው በራ፣ ባልና ሚስቱ እኩል አበሩ። መንበሩ ትንፋሹን ይዞ ብርጭቆውን ወደ ከንፈሩ አስጠግቶ መለሰው። እንደገና አስጠግቶ መለሰው።

"ሰባተኛ ቀማሽ፣ አልተመዘገበልንም" አለች ማራናታ ቀና ሳትል።

"እየቀመስኩ ነው።"

"አልዋጡም፣ አቶ መንበሩ።"

"ቀስ ብዬ ነው።"

ስድስቱ ደቂቃ አለቀ። "ሰባተኛ ቀማሽ፣ ዜሮ" አለች። ከነጥቦቹ በላይ የዘጠኙ እርሻዎች ስም በየደረጃቸው ተደርድሯል። የዚህ እርሻ ቅምሻ የመጨረሻው ስለሆነ የሌሎቹ ውጤት ታውቋል። የወይዘሮ ኩለኒ እርሻ ከአራተኛ ወደ ሰባተኛ ወረደ።

የአሥር ደቂቃ ዕረፍት ተሰጠ። መንበሩ ወደ በረንዳው ወጣ። ወይዘሮ ኩለኒ ተከተሉት።

"ምን አገኙበት?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ምንም። ጥሩ ነው መሰለኝ።"

"ይመስልዎታል እንጂ አልቀመሱትም።" በእጃቸው ወደ ግራ አሳዩት። ከጥላ መረቡ ውጭ ባዶ መሬት ላይ የደረቀ ግንድ ተከምሯል። "ያንን ያያሉ? አምና ስድስተኛ ወጣንና ነቀልነው። አባቴ የተከለው ነበር። ዘንድሮ ከአራተኛ በታች ከሆንን ሠላሳ አንድ ቤተሰብ ከዚህ ይነሳል። እኔን ተዉኝ፤ እኔ አርጅቻለሁ። አንድ ጉንጭ ነው የምለምንዎት። አንድ።"

መንበሩ የበረንዳውን እንጨት በሁለት እጁ ያዘ። ብዙ ውሸት አሰበ። የጨጓራ ሕመም፣ ጾም፣ ስለት። ሴትየዋ ፊቱን እያዩ ሲጠብቁ አንዱንም ማውጣት አቃተው።

"እጠጣ ነበር" አለ። "ከተውኩ አሥራ አንድ ዓመት አልፏል። አንድ ጉንጭ ከዋጥኩ አላቆምም። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነው ያወቅሁት።"

ወይዘሮ ኩለኒ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ታዲያ ለምን ለነሱ አልተናገሩም?"

"ከተናገርኩ ሥራዬ ይሄዳል። ልጄም..." አላለቀለትም።

ዳክዬዎቹ ከታች ይንጫጫሉ።

"ቀማሽ ጉድለቱን ደብቆ ከተገኘ" አሉ ወይዘሮ ኩለኒ ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጡ፣ "ቅምሻው ይሰረዛል። በሌላ ሰው ይደገማል። ዜሮውም ይነሳልኛል።"

"አውቃለሁ። መኪናው ውስጥ የተለጠፈውን የስረዛ ደንብ አንብቤዋለሁ።"

"ታውቃለህ?" አንተ ማለታቸውን እሳቸውም ልብ አላሉትም። "እያወቅህ ነው የነገርከኝ?"

"ሌላ የምነግርዎት አጣሁ።"

ደወሉ ተደወለ። ወይዘሮ ኩለኒ ቀድመውት ገቡ። መንበሩ በሩ ላይ ሲደርስ በማራናታ ጆሮ ሥር ጎንበስ ብለው ሲያወሩ አያቸው። ማራናታ ራሷን ነቀነቀች። አንድ ጊዜ ወደ በሩ ቀና ብላ አየችና ተነሳች። መንበሩ የበሩን መቃን ይዞ ቆመ። ስሙ እስኪጠራ ጠበቀ።

ማራናታ በአጠገቡ አልፋ በሩን ዘጋች፤ ቀጥሎ መስኮቱን ዘጋች።

"ወይዘሮ ኩለኒ አቧራ እየገባ ነው ብለው ነው" አለች ለሁሉም። "ቦታችሁን ያዙ።"

መንበሩ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ወይዘሮ ኩለኒን ፈለጋቸው። ጀርባቸውን ሰጥተው ሮዙን እየቀዱ ነበር።

ክፍሉ ከተዘጋ በኋላ የወይን ጠጁ ሽታ የሚወጣበት አጣ። መንበሩ ብርጭቆውን ከንፈሩ ሥር ያዘው። ትንፋሹን ግን አሁን ሊይዝ አልቻለም፤ የበረንዳው ድንጋጤ ገና አለቀቀውም። ሽታው ገባ። እንጆሪ የመሰለ፣ ከሥሩ ደግሞ እሱ ብቻ የሚያውቀው ሙቀት። አፉ ውሃ ሞላ። ምራቁን ዋጠው።

ነጥቡ በራ። ከሌሎቹ ሁሉ የጠቆረ አረንጓዴ ነበር።

"ሰባተኛ ቀማሽ፣ ዘጠና አንድ" አለች ማራናታ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። የቀኑ ከፍተኛ ውጤት እስከዚያ ሰባ አራት ነበር።

"ምኑን አገኘኸው ወንድሜ?" አለ ባልየው እየሳቀ። "ለእኔ ሆምጣጤ ነው የሆነብኝ።"

ሌሎቹም ሳቁ። ማራናታ ቁጥሩን መዘገበች። ብርጭቆ ማየት የሥራዋ አካል አይደለም። ያዩት ወይዘሮ ኩለኒ ብቻ ናቸው፤ የመንበሩ ብርጭቆ እንደተቀዳ እስከ መለኪያ መስመሩ ሙሉ ነበር። ወደ ማድጋው ደፋው። እርሻው አምስተኛ ሆነ።

ሦስተኛው ቀዩ ነው። መንበሩ አሁን ምን ማድረግ እንዳለበት አውቋል። ሊፍት ላይ ወጥቶ በባዶ ጉድጓድ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ ሲሠራ እንኳ ወደ ታች ማየት አይፈራም። ይሄኛውን ፈራው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳያስበው ያለፈውን ነገር ሆን ብሎ ማሰብ ነበረበት። የመጀመሪያው ጉንጭ ሆድ ሲደርስ የሚለቀውን ሙቀት አሰበ። ጫንቃው ላይ ያለው ሸክም ሁሉ ሲወርድ አሰበ። ሚስቱ ያለችበትን ክፍል፣ ልጁ የምታለቅስበትን ክፍል አልፎ ሲሄድ ምንም የማይሰማውን ያንን ሰው አሰበውና ናፈቀው። ናፍቆቱ እውነተኛ ነበር። ምራቁን ዋጠ።

"ዘጠና ስድስት።"

እርሻው ሁለተኛ ሆነ። ከመቅመሻው በስተጀርባ ባለው የተዘጋ የመስታወት በር ላይ ተሰብስበው የሚያዩ የእርሻው ሠራተኞች እልል ሊሉ ሲሉ ማራናታ እጇን አነሳች፤ ዝም አሉ። አንደኛ የወጣ እርሻ የሁለት ዓመት ውሃ ያገኛል። ይህ እርሻ አንደኛ ወጥቶ አያውቅም።

መንበሩ ዳቦ ቆርሶ አፉ ውስጥ አደረገና መዋጥ አቅቶት በመሐረብ ተቀበለው። ወይዘሮ ኩለኒ ከማዶ ሆነው ያዩታል። የሚያደርገው ገብቷቸዋል። አንድ ቃል ቢናገሩ ያቆማል፤ ግን አልተናገሩም። በሩ ላይ የቆሙትን ሰዎች አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፣ እሱን አዩ። ከዚያ የመጨረሻውን ጠርሙስ ከሠራተኛዋ እጅ ተቀብለው ራሳቸው መቅዳት ጀመሩ።

ጣፋጩ ወይን ጠጅ ማር የመሰለ ነው፤ ምድር ቤት በርሜል ውስጥ ስምንት ዓመት ተኝቷል። ብርጭቆዎቹ ተሞሉ። ነጥቦቹ አንድ በአንድ በሩ፤ ስልሳ ስምንት፣ ሰባ፣ ሰባ ሁለት።

መንበሩ ብርጭቆውን አነሳ። ምራቁን ዋጠ፤ ነጥቡ ብልጭ አለና ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። እዚያ ላይ ብርጭቆውን ማስቀመጥ ነበረበት። አላስቀመጠውም። ሌላኛውም እጁ መጥቶ ብርጭቆውን ያዘ። በኋላ ሲያስበው፣ "ልጠጣ" ብሎ የወሰነበትን ሰዓት ሊያገኘው አልቻለም። ብርጭቆው ማዘንበሉን ብቻ ያስታውሳል። ጣፋጩ ከንፈሩን ነካው።

ወይዘሮ ኩለኒ በጠረጴዛው ላይ ተንጠራርተው ብርጭቆውን በጥፊ መቱት።

ወይን ጠጁ በሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። ብርጭቆው ወለሉ ላይ ተሰበረ። ሚስትየዋ ጮኸች። መንበሩ ከንፈሩን በእጅጌው ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ፣ እስኪያመው ጠረገ።

"ይቅርታ" አሉ ወይዘሮ ኩለኒ። "እጄ ነው።"

ማራናታ መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ ስክሪኗን አየች። "የፈሰሰ ብርጭቆ አይተካም። ውጤቱም አይያዝም። ያውቁታል አይደል?"

"አውቀዋለሁ።"

"ሰባተኛ ቀማሽ፣ ዜሮ።"

እርሻው አራተኛ ወጣ። ሠላሳ አንዱ ቤተሰብ አይነሳም። ለአራተኛ ደረጃ የሚሰጠው ውሃ ግን ለሙሉው እርሻ አይበቃም፤ በሐይቁ ሜዳ በኩል ያለው አራት መደብ ሐረግ ከሰኞ ጀምሮ ይነቀላል። በሩ ላይ የነበሩት ሠራተኞች ተበተኑ። አንዲት ሴት ብቻ ቀርታ ወይዘሮ ኩለኒን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው፤ ከዚያ እሷም ሄደች።

እንግዶቹ ወደ መኪናው ሲመለሱ መንበሩ ወደ ኋላ ቀረ። ወይዘሮ ኩለኒ የብርጭቆውን ስብርባሪ እየለቀሙ ነበር። ጎንበስ ብሎ ሊያግዛቸው ሲል በእጃቸው ከለከሉት።

"ባሌ እንደዚያ ነበር የሚይዘው" አሉ ቀና ሳይሉ። "በሁለት እጁ።"

"ወይዘሮ ኩለኒ፣ እኔ..."

"አታመስግነኝ። ሰኞ ሐረጉን ስነቅል እረግምህ ይሆናል። በል ሂድ፣ መኪናው ይሄድብሃል።"

መኪናው ሌሎቹን በየቤታቸው ሲያደርስ ውሎ፣ መንበሩ አዳማ የደረሰው አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ቤዛዊት የምትኖረው አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ ትገባለች። መጀመሪያ ቤቱ ሄዶ ሸሚዝ መቀየር ይችል ነበር፤ ከቀየረ ግን እሷ ትዘገያለች። ሌላም ነገር ነበር። ከቀየረው የዛሬውን ነገር እንደማይነግራት ራሱን ያውቀዋል።

በሩን ስትከፍት ልጇን ታቅፋ፣ ቦርሳዋን አንግታ ነበር። ፈገግታዋ ግማሽ ላይ ቆመ።

"አባዬ፣ ምንድነው የሚሸተው?"

"ወይን ጠጅ ነው። ሸሚዜ ላይ ፈሶብኝ ነው።"

የቤዛዊት ፊት ተዘጋ። ይህንኑ ዓረፍተ ነገር፣ በዚሁ ድምፅ፣ ልጅ ሳለች ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። መንበሩም ከአፉ ሲወጣ ሰማው። እውነቱን እየተናገረ ውሸታም መሰለ፤ እንዲህ እንዲመስል ያደረገውም ራሱ ነው።

"መቂ ሊፍት የለም" አለ። "ዋሸሁሽ። የቀማሽነት ዕጣ ወጥቶብኝ ነው የሄድኩት። ብነግርሽ ልጅቷን አትተዪልኝም ብዬ ፈራሁ። አልጠጣሁም፤ ግን ልጠጣ ነበር። አንዲት ሴት ብርጭቆውን ከአፌ ላይ መታችው። ከንፈሬን ነክቶኛል። ይሄው ነው።"

ቤዛዊት ልጇን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛወረቻት። የኮሪደሩ መብራት ሰው ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ እንደሚያደርገው ጠፋ፤ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም።

"ተንፍስ" አለችው በጨለማው ውስጥ።

አፉን ከፍቶ ተነፈሰ። ፊቷን አስጠግታ አሸተተችው። አንዴ፣ ከዚያ እንደገና፣ ዓይኗን ጨፍና። ምን እንዳገኘች ከፊቷ ለማወቅ አልቻለም። መብራቱ መልሶ በራ።

"ሸሚዙን አውልቅ" አለች። "እራቷን በልታለች። ሁለት ሰዓት ላይ አስተኛት። ካለቀሰች መብራቱን አታጥፋው።"

ልጅቷን ሰጠችው። እጇን ከልጅቷ ጀርባ ላይ ወዲያው አላነሳችም። ከዚያ ቦርሳዋን አስተካክላ በኮሪደሩ ሄደች።

መንበሩ በሩን ዘግቶ ቆመ። ልጅቷ ትከሻው ላይ ጋደም ብላ የሸሚዙን ኮሌታ ትጎትታለች። ከውጭ የሊፍቱን ድምፅ ሰማ፤ መጣ፣ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ። የዚህ ሕንፃ ሊፍት በሩ በራሱ የሚዘጋው በስምንት ሴኮንድ ነው፤ ያስተካከለው እሱ ነው። ስምንት ቆጠረ፤ አልተዘጋም። የሆነ ሰው በእጁ ይዞታል። አሥራ አምስት ቆጠረ። ሃያ። የቤቱን በር ከፍቶ ሊወጣ እጁን እጀታው ላይ አደረገ፤ መልሶ አነሳው።

ሠላሳ አንድ ላይ ሲደርስ በሩ ተዘጋ፣ ሊፍቱም ወደ ታች ወረደ።